ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፦ «አርቪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው አንድ ዲሽ ይበቃዋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሰሞኑን እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሥራው በላፕቶፕ የሆነ ሰው ኪራይ እየከፈለ አንድ ቦታ ከሚቀመጥ አርቪ (እንደ ቤት የሚኖሩበትን መኪና ወይም ተጎታች) ገዝቶ እየዞረ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ስለ ኢንተርኔቱም አይሥጋ። ጣራው ላይ ስታርሊንክ የሚባለውን የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ይስቀልና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ላይ ይሰካው፤ ሲግናል ለሚደክምበት ቦታ ሲግናል የሚያጎላ ቡስተር ይግዛ፤ ለክፉ ቀን ሁለት ሲም የሚይዝ ራውተርና «አንሊሚትድ» ፕላን ይያዝ፤ ካምፕ ግራውንድ ሲገባ ደግሞ የግቢውን ነፃ ዋይ ፋይ ይጠቀም። ስፒድ ቴስቱ 100 ሜጋቢት ካሳየ ነገሩ አለቀ ይላሉ ጸሐፊው።

አርቪ ውስጥ ተቀምጦ መሥራት እንደሚቻል አንከራከርም፤ የሚሠራበት ሰው ሞልቷል። ክርክራችን ጸሐፊው ፈጣን መስመርንና የማይቋረጥ መስመርን አንድ አድርገው በማየታቸው ላይ ነው። ፈጣን መስመር በአንድ ጥሩ ዕቃ ይገኛል። የማይቋረጥ መስመር የሚገኘው ግን ሁለት መንገድ ሲኖር ነው፤ ያውም በአንድ ምክንያት አብረው የማይወድቁ ሁለት መንገዶች። ጸሐፊው ካቀረቧቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ሁለተኛ መንገድ ይምሰሉ እንጂ አይደሉም።

«ስፒድ ቴስት 100 ሜጋቢት ካሳየ በቂ ነው»

ዙም ለሁለት ሰዎች የ720 ፒ ቪዲዮ የሚጠይቀው 1.2 ሜጋቢት መላኪያና 1.2 ሜጋቢት መቀበያ ነው። 100 ሜጋቢት እያለው ስብሰባ ላይ ምስሉ ደርቆ የሚቀር ሰው የጎደለው ፍጥነት አይደለም ማለት ነው። መታየት ያለባቸው ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ መዘግየት፣ የመዘግየቱ መዋዠቅና መንገድ ላይ የሚጠፋው ፓኬት (ዳታው ተቆራርሶ የሚላክበት ቁራጭ)። ዙም መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ፣ መዋዠቁ ከ40 ሚሊሰከንድ፣ የሚጠፋው ፓኬት ደግሞ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ስፒድ ቴስት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። በየ4 ደቂቃው ለ3 ሰከንድ የሚቆረጥ መስመር ይህን ፈተና በደህና ሊያልፍ ይችላል፤ የአንድ ሰዓት ስብሰባ ላይ ግን 15 ጊዜ «ይቅርታ፣ ድምፅህ ጠፋ» ያስብላል።

የተሻለ ፈተና አለ። ላፕቶፑ ላይ 1.1.1.1 ወደሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ ፒንግ (ደርሶ መልሱ ስንት እንደሚፈጅ የሚለካ ትእዛዝ) አስጀምሩና ለ15 ደቂቃ ተዉት። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ መጫን ጀምሩ። ፋይሉ ሲወጣ ፒንጉ ከ40 ሚሊሰከንድ ወደ 600 ከዘለለ መላኪያው ሞልቶ ሁሉም ነገር ወረፋ ይዟል ማለት ነው። ራውተሩ ውስጥ ኪው ኦ ኤስ ወይም ኤስ ኪው ኤም የሚባለውን ማስተካከያ ክፈቱና የመላኪያ ገደቡን ከለካችሁት ፍጥነት 80 በመቶ ገደማ ላይ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ መስመሩን «ሚተርድ» (ዳታ ቆጣቢ) አድርጉት፤ የስልክ ፎቶ ባክአፕንም ለማታ አስቀሩት። በሥራ ሰዓት መስመሩን የሚያንቀው ብዙውን ጊዜ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ ትናንት የተቀረጸው ቪዲዮ ወደ አይክላውድ እየወጣ።

«ስታርሊንክ ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው»

ስታርሊንክ የአርቪ ኑሮን መለወጡ እውነት ነው። የድሮው የሳተላይት ኢንተርኔት ሳተላይቱ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ስለሚቆም ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ከሰው ጋር ለመነጋገር የማይሆን ነው። የስታርሊንክ ሳተላይቶች 550 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ስለሚሄዱ መዘግየቱ በአብዛኛው ከ25 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ለአርቪ የሚሆነው አገልግሎት ሲጀመር፣ በ2024 ደግሞ ሚኒ የሚባለው ትንሹ ዲሽ ሲወጣ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ስብሰባ መግባት ተራ ነገር ሆነ።

ነገር ግን እነዚህ ሳተላይቶች አይቆሙም፤ ዲሹ በየጊዜው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሰፊ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፤ የሚኒ የማየት ስፋት 110 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ አንድ ዛፍ ከገባ መስመሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሳተላይቱ ከዛፉ ጀርባ ባለፈ ቁጥር ለጥቂት ሰከንድ ይቆረጣል። ፊልም ለሚያይ ሰው አይታወቅም፤ ፊልሙ አስቀድሞ ተጭኖለታልና። ስብሰባ ላይ ያለውን ግን ያስወጣዋል። ከላይ ያልነው በየ4 ደቂቃው የሚቆረጥ መስመር ይኸው ነው።

ጸሐፊው «ጣራ ላይ በቋሚነት ይታሰር» ማለታቸውም ችግሩን ያባብሰዋል። በበጋ አርቪ የሚቆመው ጥላ ሥር ነው፤ ጣራው ላይ የታሰረ ዲሽም አብሮ ጥላ ሥር ይውላል። ከዲሹ ጋር የሚመጣው ገመድ 15 ሜትር ነው፤ መኪናውን ጥላው ሥር አቁሙና ዲሹን በሦስት እግር ማቆሚያ ወደ ገላጣው አውጡት። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት የስታርሊንክ አፕ ውስጥ ያለውን የእንቅፋት መፈተሻ ክፈቱና ሰማዩን በስልኩ ካሜራ ቃኙት። በዋናው የአሜሪካ ምድር ዲሹ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ስለሚያዘነብል ካምፕ ግራውንድ ስታስይዙ «በሰሜን በኩል ክፍት የሆነ ቦታ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የካሊፎርኒያ ሬድውድ ጫካ ወይም የዋሽንግተን ስቴት ኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ዛፉ ስለሚበዛ 15 ሜትር ገመድም ላያወጣችሁ ይችላል።

ሰማዩ ክፍት ሆኖ በደንብ ምክንያት መስመር የሚጠፋበትም ቦታ አለ። በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ መካከል ግሪን ባንክ ላይ ላለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲባል፣ ሌላ ሲግናል እንዳይረብሸው፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የተከለለ 13,000 ስኩዌር ማይል የሚያህል ቦታ አለ። ከዋሽንግተን ዲሲ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ዲሲና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖች ለዊክኤንድ የሚሄዱበት ተራራማ አገር ነው። ግሪን ባንክ ከተማ ራሷ የሞባይል ኔትወርክ የላትም ማለት ይቻላል፤ የሳተላይት አገልግሎትም እዚያ ልዩ ገደብ ሲጣልበት ቆይቷል። እዚያ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ያለው ሰው እሑድ ማታ መውጣት አለበት።

«ኢንቨርተር ላይ ሰክቶ መርሳት ነው»

መደበኛው የስታርሊንክ ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት ይበላል። 10 ሰዓት ከበራ ከ750 እስከ 1,000 ዋት-ሰዓት ማለት ነው፤ ኢንቨርተሩ ራሱ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወስዳል። 100 አምፒር-ሰዓት ያለው የሊትየም ባትሪ ያለው ሁሉ 1,280 ዋት-ሰዓት ነው። በዚያው መጠን ያለ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቀሙበት፤ ዲሹ ብቻውን ከቀትር በኋላ ያራግፈዋል። ሚኒ ከ25 እስከ 40 ዋት ስለሚበላ በቀን ከ250 እስከ 400 ዋት-ሰዓት ይበቃዋል፤ ያለ ኢንቨርተርም በቀጥታ ከባትሪ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሚኒ ከ12 ቮልት ጀምሮ ይቀበላል ተብሎ ስለተጻፈ ረጅም ገመድ በቀጥታ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ያያይዙታል፤ ከዚያ «ዲሹ በራሱ እየጠፋ ይበራል» ይላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። 18 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.021 ኦም ገደማ መቋቋም አለው፤ 15 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 30 ሜትር፣ ማለትም 0.63 ኦም። በ12 ቮልት 40 ዋት ለማድረስ 3.3 አምፒር ያስፈልጋል፤ ገመዱ ላይ 2.1 ቮልት ይቀራል፤ ዲሹ ጋ የሚደርሰው 9.9 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ይጠፋል። ባትሪው አጠገብ 12 ቮልትን ወደ 30 የሚያነሣ ኮንቨርተር ብታስገቡ ያው 40 ዋት በ1.33 አምፒር ይሄዳል፤ የሚጠፋውም 0.84 ቮልት ብቻ ይሆናል። ኮንቨርተሩ ቢያንስ 60 ዋት ይቻል፤ ባትሪው በኩል 10 አምፒር ፊውዝ ይኑረው። በረዶ ማቅለጫውን ደግሞ በረዶ ከሌለ አፑ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ ዝም ብሎ ባትሪ ይበላል። ትራክ እየነዱ ስሊፐር ውስጥ ለሚያድሩ ወገኖቻችንም ስሌቱ አይለወጥም።

«ቡስተር አንዱን ባር አራት ያደርገዋል»

ባሩን ያደርገዋል። ኢንተርኔቱን ግን ሊያዘገየው ይችላል።

በመጀመሪያ ነገር ባር መለኪያ አይደለም። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ፤ አንድሮይድ ላይ ስለ ስልኩ በሚናገረው ገጽ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለውን ክፈቱ። አር ኤስ አር ፒ የሚለውን፣ የሲግናሉን ኃይል የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ። -90 እና ከዚያ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ደህና ነው፤ -110 ካለፈ ደካማ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ በ-90 እና በ-120 መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ኤስ አይ ኤን አር ሲሆን ሲግናሉ ከጫጫታው በምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል፤ ከ20 በላይ ከሆነ ግሩም ነው፣ ከ0 በታች ከወረደ መስመሩ ተበክሏል። ቡስተር የመጀመሪያውን ቁጥር ያነሣል፤ ሁለተኛውን ብዙውን ጊዜ አያሻሽልም፤ በጫጫታ በተሞላ የሠርግ አዳራሽ ማጉያውን ከፍ ቢያደርጉት ጫጫታውም አብሮ እንደሚጎላ ማለት ነው።

የባሰው ነገር ቡስተር የታወሩን ሲግናል የሚቀበለው በአንድ አንቴና ብቻ መሆኑ ነው። ዘመናዊ ስልክና ራውተር በሁለት ወይም በአራት አንቴና በአንድ ጊዜ የተለያየ ዳታ ይቀበላል፤ ፍጥነቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ሁሉንም በቡስተሩ አንድ ገመድ ስታሳልፉት ይህ ጥቅም ይቀራል። ሲግናሉ መካከለኛ በሆነበት ቦታ ቡስተሩ ሲጠፋ ኢንተርኔቱ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

ከዚያ የባንዱ፣ ማለትም ስልኩ የሚሠራበት የሞገድ ክልል፣ ጉዳይ አለ። ገበያ ላይ ያሉት የመኪና ቡስተሮች አብዛኞቹ የሚያጎሉት የ700፣ የ850፣ የ1900 እና የ1700/2100 ሜጋኸርትዝ የቆዩ ባንዶችን ነው። ቲ-ሞባይል ገጠር ላይ የሚተማመንበትን 600 ሜጋኸርትዝም፣ የ5ጂ ፍጥነቱን የሚሰጠውን 2.5 ጊጋኸርትዝም፣ ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ከ3.7 ጊጋኸርትዝ ጀምሮ የያዙትን ሲ-ባንድም አይነኩም። ስልኩ የጎላውን አሮጌ ባንድ አይቶ ፈጣኑን ይተዋል።

ቡስተር ከታወሩ የሚቀበል የውጪ አንቴናና ለስልኩ የሚያሰራጭ የውስጥ አንቴና አለው፤ የሁለቱን ርቀትም ጸሐፊው አላነሡትም። የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ በሆነው በኤፍ ሲ ሲ ደንብ መሠረት የሁሉንም ኩባንያ ሲግናል የሚያጎላ የመኪና ቡስተር ከ50 ዴሲቤል በላይ ማጉላት አይፈቀድለትም። የውጪው አንቴና የውስጡን ከሰማ ደግሞ መሣሪያው እንዳይጮኽ ራሱን ይቀንሳል። አርቪ ጠባብ ነው፤ ጣራውም ብዙ ጊዜ ከፋይበርግላስ ወይም ከጎማ ስለሆነ ሁለቱን አንቴናዎች አይጋርድም። ውጤቱ? ከውስጥ አንቴናው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ብቻ የሚሠራ ቡስተር ይሆናል። ይህን አይቶ «ተበላሸ» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነው። የውጪውን አንቴና ወደ ጣራው አንድ ጫፍ፣ የውስጡን ወደ ሌላው ጫፍ አድርጉ፤ ከውጪው አንቴና ሥር የብረት ሰሌዳ መዘርጋትም ይረዳል። ቡስተሩን ለስልክ ኩባንያው ማስመዝገብም ግዴታ ነው።

ታዲያ ቡስተር አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ ለአንድ ጉዳይ። አር ኤስ አር ፒው -115 አካባቢ ሆኖ ዳታው እየገባ መውጣት ሲያቅተው። ስልክ የሚያወጣው ኃይል ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ነው፤ በአሉሚኒየም በተሸፈነ ተጎታች ውስጥ ሆኖ ሩቅ ታወር ላይደርስ ይችላል፤ ቡስተሩ እዚህ ላይ ሥራ አለው። አብርታችሁም አጥፍታችሁም ሦስት ሦስት ጊዜ ለኩ፤ የምታወዳድሩት ግን የመላኪያውን ፍጥነት ይሁን።

ለሥራ ከሆነ የቡስተሩን ገንዘብ ጣራ ላይ በሚቀመጥ ባለ አራት ገመድ አንቴናና እሱን በሚቀበል ራውተር ላይ ማዋል ይሻላል። ገመዱን አሳጥሩት። ኤል ኤም አር 195 የሚባለው ቀጭን ገመድ በ2.5 ጊጋኸርትዝ 6 ሜትር ሲሄድ ከ3.5 ዴሲቤል በላይ ያጠፋል፤ ጣራ ላይ የተገኘው ሲግናል ከግማሽ በላዩ ገመዱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ነፃ የሆነውን ሞክሩ፦ ሆትስፖቱን ታወሩ ወዳለበት መስኮት ውሰዱት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አሁንም ለኩ።

«ሁለት ሲም የሚይዝ ራውተር ሁለት ኢንተርኔት ነው»

አብዛኞቹ ውስጣቸው ያለው ሞደም አንድ ነው። አንዱ ሲም ሲጠፋ ሌላው ታወር ፈልጎ እስኪመዘገብ አንድ ሁለት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ስብሰባው ይጠብቃል ብሎ ነገር የለም። ሁለት ኢንተርኔት ማለት ሁለቱም በአንድ ጊዜ በርተው የሚጠብቁ ናቸው፦ ስታርሊንኩ በኢተርኔት ገመድ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ፣ የራውተሩ ሞደም ደግሞ በሲም። ሚኒ የኢተርኔት ቀዳዳ አለው፤ የሁለተኛው ትውልድ መደበኛ ዲሽ ግን ለብቻው የሚሸጥ አዳፕተር ይፈልጋል።

ሲሞቹ የተለያየ ስም ስለያዙ የተለያየ ኔትወርክ ናቸው ማለትም አይደለም። ቪዚብል የሚሠራው በቬራይዘን ነው፤ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ፤ ሜትሮና ሚንት በቲ-ሞባይል። ቬራይዘንና ቪዚብል የያዘ ሰው አንድ ታወር ሲወድቅ ሁለቱንም ያጣል። ታወሩ ሳይወድቅም መጨናነቅ አለ። አሪዞና ያለችው ትንሿ ኳርትዝሳይት በጃንዋሪ በአርቪ ስትጥለቀለቅ ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ግን ባዶ ይሆናል። ያኔ የሚወስነው የፕላኑ ቅድሚያ ነው፤ ርካሹ ፕላን ኔትወርኩ ሲሞላ ወደ ኋላ ይገፋል። ፕላን ስትገዙ ስንት ጊጋባይት «ፕሪሚየም» እንደሆነ ጠይቁ።

«አንሊሚትድ» የሚለውም ለስልኩ እንጂ ለሆትስፖቱ ላይሆን ይችላል። በኤቲ ኤንድ ቲ ፕላኖች ላይ የተመደበው የሆትስፖት ዳታ ሲያልቅ ፍጥነቱ ወደ 128 ኪሎቢት ይወርዳል፤ ድምፅ ብቻ ቢያስኬድ ነው። ስንት እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉት፦ 1.2 ሲላክና 1.2 ሲገባ በድምሩ 2.4 ሜጋቢት፣ በሰዓት 1.08 ጊጋባይት። በቀን 4 ሰዓት ስብሰባ፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ 95 ጊጋባይት። ልጆቹ ዩቲዩብ ያዩበት አልተቆጠረም። የቤት ኢንተርኔት ሳጥን ገዝቶ አርቪ ውስጥ ማዞርም አቋራጭ አይደለም፤ በውሉ ከአድራሻ ጋር የታሰረ ስለሆነ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ቲ-ሞባይል በ2024 ለተጓዥ ያወጣው ለብቻው አለ፤ አዌይ ይባላል።

«የካምፕ ግራውንዱ ዋይ ፋይ ነፃ ነው»

ነፃ ነው። አንዱን መስመር መቶ ቤተሰብ ይካፈለዋል፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ኢሜይል መክፈት ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ለዝመና ማውረጃ ንጋት ላይ ተጠቀሙበት።

በነዚህ ፈንታ የምንመክረው ይህ ነው። ቦታ ከማስያዝ በፊት የኤፍ ሲ ሲን የብሮድባንድ ካርታ ክፈቱና የሞባይሉን ክፍል እዩ፤ ነገር ግን ካርታው ላይ ለ4ጂ የተቀመጠው መለኪያ 5 ሜጋቢት መቀበያና 1 ሜጋቢት መላኪያ ስለሆነ ቀለም መቀባቱ ለስብሰባ ይበቃል ማለት አይደለም፤ የሚለካውም ከቤት ውጪ ወይም መኪና ውስጥ ሆኖ ነው። ካርታው ባዶ ከሆነና ቦታው ጫካ ከሆነ አትያዙት። ከዚያ ራውተሩን አዘጋጁ፦ ስታርሊንኩ አንደኛ፣ ሲሙ ሁለተኛ፤ መስመሩ መሥራቱን የሚከታተለው የራውተሩ የጤና መፈተሻ ወደ 1.1.1.1 እና ወደ 8.8.8.8 በየ5 ሰከንዱ ፒንግ እያደረገ ሦስት ጊዜ ካጣ እንዲሻገር። በአንዱ አድራሻ ብቻ ካደረጋችሁት ያ ሰርቨር ሲደክም በከንቱ ይሻገራል።

እንዲህ ሲሻገር አይፒ አድራሻው (ኢንተርኔት ላይ መስመሩ የሚታወቅበት ቁጥር) ስለሚለወጥ ዙም ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ ይመለሳል፤ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን (ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባው የተከለለ መስመር) ግን ወድቆ እንደገና ግባ ሊል ይችላል። ይህን የማይታገሥ ሥራ ያለው ሰው ስፒዲፋይ የሚባለውን አፕ ወይም የፔፕሊንክ ራውተሮች ላይ ያለውን ስፒድፊውዥን ይጠቀም፤ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሰርቨር በኩል አጣምረው አንድ አይፒ ይሰጣሉ። በሁለቱም መስመር አንድ ዓይነት ፓኬት የሚልከውን አማራጭ ከመረጣችሁ ግን ዳታው እጥፍ እንደሚሄድ ዕወቁ፤ ለስብሰባ ሰዓት ብቻ አብሩት።

አዲስ ቦታ በደረሳችሁ ቀን ማታ ከጓደኛ ጋር የቪዲዮ ጥሪ ክፈቱና እያወራችሁ የስታርሊንኩን ገመድ ንቀሉት። ድምፁ በ20 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወይ መፈተሻው ዘግይቷል፣ ወይ ሲሙ ዳታ የለውም፣ ወይ ስልኩ ከራውተሩ ወጥቶ የራሱን ኔትወርክ ይዟል። ሦስተኛውን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፍታችሁ ጥሪውን ድገሙት።